አቤቱታው ማን እጅ ይገባል? የፖሊስ ተቋም መታረም ይችል እንደሆነ

እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከሚኒያፖሊስ ከተማ ጋር የተፈራረመውን የፖሊስ ማሻሻያ ስምምነት ፍርድ ቤቱ እንዲዘጋለት አመለከተ። ጆርጅ ፍሎይድ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ በዚያች ከተማ ፖሊስ እጅ የተገደለበት 5ኛ ዓመት ሊታሰብ የቀሩት ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከሉዊቪል ከተማ ጋር የነበረውን ተመሳሳይ ስምምነትም አብሮ ለመተው ጠየቀ። የሚኒያፖሊሱን መዝገብ ዳኛው በዚያው ወር ዘጉት።

ዜናው ሁለት ዓይነት ንግግር አስነሣ። አንደኛው ወገን «ድሮስ ፖሊስ መቼ ይታረማል?» አለ። ሌላኛው ወገን ማዕከላዊው መንግሥት ከከተሞች ሥራ እጁን ማውጣቱን እንደ እፎይታ ቆጠረው። በሁለቱም ንግግር ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ተደበላልቀዋል፤ ጥፋተኛው ተቀጥቷል ወይ፣ ደንቡ ተለውጧል ወይ፣ ተቋሙ ከራሱ ውጭ ላለ አካል መልስ መስጠት ጀምሯል ወይ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተሟልተው ሦስተኛው ሲጎድል ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሌሎች አገሮች የተሞከረውን ስንመረምር የፖሊስ ተቋም መታረም እንደሚችል እናያለን። የታረመው ግን አቤቱታው ከተከሳሹ ተቋም እጅ በወጣበት፣ ተመልካቹም ዜናው ከቀዘቀዘ በኋላ ለዓመታት ሳይነሣ በቆየበት ቦታ ነው።

መጥፎ ሰው ወይስ መጥፎ አሠራር?

«ሥርዓታዊ ችግር» ሲባል ፖሊሶች ሁሉ ክፉዎች ናቸው ማለት አይደለም። ደህና ሰው ገብቶበትም ያው ጥፋት የሚደጋገምበት አሠራር አለ ማለት ነው። የሚኒያፖሊሱ ሌሊት ይህን በቅርብ ያሳያል።

ሜይ 25 ቀን 2020 ዴሪክ ሾቪን የተባለው ፖሊስ ጉልበቱን ፍሎይድ አንገት ላይ ለ9 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ አሳረፈ። ከሰዓታት በኋላ የፖሊስ መምሪያው ያወጣው መግለጫ ርእስ፣ አንድ ሰው ከፖሊስ ጋር በተገናኘበት ወቅት በገጠመው የጤና እክል መሞቱን የሚገልጽ ነበር። ጉልበት የሚባል ነገር መግለጫው ውስጥ የለም። ዓለም እውነቱን ያወቀው አንዲት የ17 ዓመት ልጅ በስልኳ ስለቀረጸችው ነው።

በቦታው አብረውት ከነበሩት ፖሊሶች አንዱ ሙሉ ፖሊስ ሆኖ ሲሠራ ያ ሦስተኛ ፈረቃው ነበር። ከማሠልጠኛ ወጥቶ በተግባር ሲለማመድ አሠልጣኙ ራሱ ሾቪን ነበር። ሌላው ጀማሪ ደግሞ ፍሎይድን በጎኑ ያዙሩት እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠይቋል። ሾቪን እምቢ አለ፤ ጀማሪውም ዝም አለ። የመምሪያው ደንብ ግን ባልደረባው ከልክ ያለፈ ኃይል ሲጠቀም ያየ ፖሊስ ጣልቃ የመግባት ግዴታ እንዳለበት ከ2016 ጀምሮ ይደነግጋል። ደንቡ ተጽፏል፣ ትምህርቱም ተሰጥቷል። አስፋልቱ ላይ የሠራው ግን አንጋፋውን አለመዳፈር ነው።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2017፣ ያው ፖሊስ በአንድ የ14 ዓመት ልጅ ላይ 17 ደቂቃ ያህል ተንበርክኮ ነበር። በደረት የሚንጠለጠለው ካሜራ ቀርጾታል። ቀረጻው በመምሪያው እጅ ነበር፤ አለቆችም የኃይል አጠቃቀሙን አይተው አልፈውታል። ሾቪን በዚህ ድርጊት ጥፋተኝነቱን ያመነው በዲሴምበር 2021፣ በፍሎይድ ግድያ ከተፈረደበት በኋላ ነው። በአገልግሎት ዘመኑ ቢያንስ 17 አቤቱታዎች ቀርበውበታል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ያለ ቅጣት ተዘግተዋል።

ካሜራ መግዛት፣ ሥልጠና መጨመር፣ ደንብ ማሻሻል ከእያንዳንዱ ቅሌት በኋላ የሚሰሙ መፍትሔዎች ናቸው፤ ጥቅምም አላቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ሦስቱም በቦታቸው ነበሩ። የጎደለው ቀረጻውን አይቶ «ይህ ሰው ጀማሪ ማሠልጠን የለበትም» የሚልና ቃሉ የሚሰማ፣ የመምሪያው ባልደረባ ያልሆነ ሰው ነው።

የተባረረው ሲመለስ

ኃላፊው ቆራጥ ቢሆንም እንኳ እጁን የሚይዙ ነገሮች አሉ። በአሜሪካ አብዛኛው የፖሊስ ማኅበር ከከተማው ጋር የሚፈራረመው የሥራ ውል የተባረረ ፖሊስ በግልግል ዳኛ ፊት ይግባኝ እንዲል ይፈቅዳል። ዋሽንግተን ፖስት በ2017 ባወጣው ምርመራ፣ በትልልቅ መምሪያዎች ከ2006 ወዲህ ከተባረሩ 1,881 ፖሊሶች ከ450 የሚበልጡት በይግባኝ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል።

የይግባኝ መብቱ በራሱ ነውር የለበትም፤ ማንም ሠራተኛ በአለቃው ቂም እንዳይባረር ጥበቃ ያስፈልገዋል። ነገር ግን የግልግል ዳኛ ብዙ ጊዜ የሚመዝነው ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ጥፋት የፈጸመ ሰው ምን ተቀጣ የሚለውን ነው። ትናንት በዝምታ የታለፈ ጥፋት ዛሬ ለሚባረረው መከላከያ ይሆንለታል። የቸልተኝነት ዕዳ የሚተላለፈው በዚህ መንገድ ነው።

የካሣው ገንዘብም ጥፋተኛውን አይነካም። ሚኒያፖሊስ ለፍሎይድ ቤተሰብ 27 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ስትስማማ ሒሳቡን የሚከፍለው የከተማው ነዋሪ ነበር። «ኳሊፋይድ ኢሚዩኒቲ» የሚባለው የፍርድ ቤት መርሕም አለ፤ በቀደመ ፍርድ በግልጽ የታወቀ መብት እስካልጣሰ ድረስ የመንግሥት ሠራተኛው በግሉ ካሣ እንዳይከፍል የሚከልል ጥበቃ ነው።

የስምምነት ፍርድ ምንድን ነው?

በሜይ 2025 የተነሣው ሰነድ በአሜሪካ «ኮንሰንት ዲክሪ» ይባላል። የፌዴራሉ መንግሥት አንድን የፖሊስ መምሪያ የዜጎችን መብት በተደጋጋሚ ይጥሳል ብሎ ሲከስ፣ ከተማው ከመሟገት ይልቅ ሊያሻሽል ተስማምቶ የሚፈርመው፣ ዳኛ የሚያጸድቀውና እንደ ፍርድ የሚጸና ውል ነው። ሥልጣኑ የመጣው በ1994 ከወጣ ሕግ ሲሆን መነሻው በ1991 በሎስ አንጀለስ የሮድኒ ኪንግ ድብደባ በቪዲዮ መታየቱ ነበር። የዚህ ውል ጥርሱ ነጻ ተቆጣጣሪ ነው። ተቆጣጣሪው መዝገብ ይከፍታል፣ ቁጥር ይቆጥራል፣ ለዳኛው በየጊዜው ሪፖርት ያቀርባል።

ሎስ አንጀለስ ከ2001 እስከ 2013 በዚህ ሥር ቆየች፤ ኦክላንድም ከ2003 ጀምሮ በተመሳሳይ ስምምነት ሥር ሃያ ዓመት አልፋለች። ተቺዎች ይህን ርዝመት ለውድቀት ማስረጃ ያደርጉታል፤ ለተቆጣጣሪዎች የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ነው የሚለው ወቀሳቸውም ውኃ ያነሣል። በሁለትና ሦስት ዓመት የሚለወጥ የፖሊስ ተቋም መጠበቅ ግን ምልምሉ አሠልጣኝ፣ አሠልጣኙ አለቃ እስኪሆን የሚወስደውን ጊዜ መርሳት ነው።

ትልቁ ድክመት ሌላ ነው። ክሱን የሚያነሣው ሚኒስቴር የፖለቲካ ሹመት ያለበት ስለሆነ ምርጫ በተካሄደ ቁጥር ፍላጎቱ ይለዋወጣል። የሚኒያፖሊሱ ስምምነት ለፍርድ ቤት የቀረበው በጃንዋሪ 2025፣ የባይደን አስተዳደር ሊሰናበት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር። ከአምስት ወር በኋላ የለም።

ሰሜን አየርላንድ፦ ስሙም፣ መዝገቡም፣ ተመልካቹም የተለወጠበት

ጠለቅ ያለ ለውጥ የታየበትን ቦታ የሚፈልግ ሰሜን አየርላንድን ማየት አለበት። ሮያል አልስተር ኮንስታቡላሪ ይባል የነበረው ፖሊስ ከ1922 ጀምሮ ሲሠራ ካቶሊኮች የተቃራኒው ወገን፣ የፕሮቴስታንቶቹ፣ ክንድ አድርገው ያዩት ነበር። ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ሕዝብ ካቶሊክ በነበረበት ጊዜ ከፖሊሱ ውስጥ ካቶሊክ የነበረው 8 በመቶ ገደማ ነበር። ቁስሉ በአንድ ወገን ብቻ አልነበረም፤ በሠላሳው ዓመት ግጭት ከ300 በላይ የዚህ ፖሊስ አባላት ተገድለዋል።

የ1998ቱ የሰላም ስምምነት ፖሊሱን የሚያጠና ኮሚሽን እንዲቋቋም አዘዘ። ሰብሳቢው የሆንግ ኮንግ የመጨረሻው የእንግሊዝ ገዥ የነበሩት ክሪስ ፓተን ነበሩ። ኮሚሽኑ ቢሮ ዘግቶ ከመጻፍ ይልቅ በየከተማው አዳራሽ ሕዝብ ሰበሰበ፤ በስብሰባዎቹ ከ10,000 በላይ ሰው ተገኝቷል። በሴፕቴምበር 1999 የወጣው ሪፖርት 175 ምክረ ሐሳቦች ነበሩት።

በኖቬምበር 2001 ፖሊሱ ስሙን ቀየረ። አዲሱ አርማ የአንዱንም ወገን ምልክት ሳይጥል ዘውዱን፣ በገናውንና የሦስት ቅጠሉን ሣር በአንድ ኮከብ ውስጥ ሰበሰበ። ለአሥር ዓመት ከሚመለመሉት ግማሹ ካቶሊክ እንዲሆን በሕግ ተወሰነ። ለአንጋፋዎቹ ደጎስ ያለ የመሰናበቻ ክፍያ ተዘጋጅቶ ብዙዎች በክብር ለቀቁ። በ2011 ሕጉ ሲያበቃ የካቶሊኮች ድርሻ 30 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አቤት የሚባልበት በር መለወጡ ነው። በ2000 የፖሊስ ዕንባ ጠባቂ ተቋቋመ። በፖሊስ ላይ የሚቀርብ ማንኛውም አቤቱታ የሚሄደው ወደዚያ ሆነ። የራሱ መርማሪዎች አሉት፤ መርማሪዎቹም ፖሊስን የማሰር ሥልጣን አላቸው። የመጀመሪያዋ ዕንባ ጠባቂ ኑአላ ኦሎን በ2001 ፖሊስ በኦማ ከተማ ፍንዳታ ላይ ያካሄደውን ምርመራ መርምረው የፖሊሱን አዛዥ በስም ወቀሱ፤ በፍንዳታው 29 ሰዎች ሞተው ነበር። በጃንዋሪ 2007 ደግሞ የፖሊስ የመረጃ ክፍል በነፍስ ግድያ ከሚጠረጠሩ ጠቋሚዎቹ ጋር እንደተባበረ የሚያጋልጥ ሪፖርት አወጡ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ፣ ሰሜን አየርላንድ ከአየርላንድ ጋር እንድትዋሐድ የሚታገለውና ለዘመናት ፖሊስን ሲያወግዝ የኖረው የሺን ፌን ፓርቲ ለፖሊስ ተቋሙ ድጋፍ ለመስጠት ድምፅ ሰጠ። ፖሊስን የሚያሳፍር ሪፖርት በወጣበት ሳምንት ለፖሊስ ድጋፍ መገኘቱ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሰዎች ያመኑት ፖሊስ ስላላጠፋ አይደለም፤ ሲያጠፋ የሚናገር መኖሩን ስላዩ ነው።

በዚህ ላይ ምክረ ሐሳቦቹ መፈጸማቸውን የሚከታተል ኮሚሽነር ከውጭ አገር ተሾሞ እስከ 2007 በየጊዜው ለሕዝብ ሪፖርት አቀረበ። 19 አባላት ያሉት የፖሊስ ቦርድም አዛዡን በአደባባይ ይጠይቃል።

የለውጡ መጠን በአንድ ቀብር ላይ ታየ። በኤፕሪል 2011 አንድ የ25 ዓመት ካቶሊክ ፖሊስ ሰላሙን በማይቀበሉ ታጣቂዎች ቦምብ መኪናው ውስጥ ተገደለ። የአየርላንድ ባህላዊ ስፖርት ማኅበር እስከ 2001 ፖሊሶችን በአባልነት አይቀበልም ነበር። በቀብሩ ዕለት የዚያው ማኅበር ሰዎች ሬሳ ሣጥኑን በትከሻቸው ተሸክመው በመንገዱ ላይ ለፖሊስ ባልደረቦቹ አስረከቡ።

ሥራው ግን አላለቀም። የግማሽ በግማሽ ምልመላው ከቆመ ወዲህ የካቶሊኮች ቁጥር እምብዛም ከፍ አላለም። በ2011 የዕንባ ጠባቂው ቢሮ ራሱ ነጻነቱ ተሸርሽሯል ተብሎ ተወቀሰ፤ ኃላፊውም ለቀቁ። ተመልካቹንም የሚመለከት ያስፈልጋል።

ጆርጂያ፦ ፈጣኑ ለውጥና የጎደለው

የቀድሞዋ የሶቪየት ሪፐብሊክ የጆርጂያ ታሪክ «ሁሉንም አባርሮ እንደገና መጀመር» ለሚሉ ተወዳጅ ምሳሌ ነው። በ2004 የፕሬዚዳንት ሳካሽቪሊ መንግሥት በጉቦ የታወቀውን የትራፊክ ፖሊስ ወደ 16,000 የሚጠጋ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ አሰናበተ። በምትኩ በፈተና የተመለመሉ ወጣት ፖሊሶችን አሰማራ፤ ደመወዛቸውን በብዙ እጥፍ ጨመረ። የውስጡ ሥራ ከመንገድ እንዲታይ በማለት የፖሊስ ጣቢያዎችን በመስታወት ሠራ። በየመንገዱ ሾፌር አስቁሞ ጉቦ መቀበል በአጭር ጊዜ ጠፋ ማለት ይቻላል። ይህ ቀላል ስኬት አይደለም፤ ለድሃ ሾፌር የዕለት እንጀራው ነው።

ነገር ግን ፖሊሱ ተጠሪነቱ ለአንድ ሚኒስቴርና ለአንድ ፖለቲካዊ ቡድን ብቻ ሆኖ ቀረ። በኖቬምበር 2007 ተቃዋሚዎችን በአስለቃሽ ጭስና በጎማ ጥይት በተነ። በ2012 ከአንድ እስር ቤት የወጣ የእስረኞች ስቃይ ቪዲዮ መንግሥቱ በምርጫ ለመሸነፉ አንዱ ምክንያት ሆነ። ከ2019 ጀምሮ የፖሊስን ጥፋት ይመረምር የነበረውን ነጻ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከዚያ ምርጫ በኋላ ሥልጣን የያዘው ገዥ ፓርቲ በዲሴምበር 2021 በፓርላማ አፈረሰው። በ2024 መጨረሻ በትብሊሲ ጎዳናዎች የተያዙ ሰልፈኞች ፊታቸው አብጦ ሲታዩ፣ የመስታወቱ ጣቢያ እዚያው ነበር።

እስራኤል፦ 53 ምክረ ሐሳቦችና አንድ ፍርድ

ለአማርኛ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው የኢትዮጵያ አይሁዳውያን ጉዳይ ነው። በኤፕሪል 2015 በሆሎን ከተማ ደማስ ፓካዳ የተባለ ወጣት፣ የእስራኤልን ጦር ልብስ እንደለበሰ፣ በፖሊሶች ተደበደበ። መጀመሪያ የተጠረጠረው እርሱ ነበር፤ ፖሊስ መታህ ተብሎ። ነጻ ያወጣው በአቅራቢያው የነበረ ካሜራ ነው። ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ በሰልፍ ተናወጡ።

መንግሥት በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ኤሚ ፓልሞር የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። በ2016 የወጣው ሪፖርት ዘረኝነት በመንግሥት ተቋማት ውስጥ መኖሩን አምኖ 53 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ። ሳምንታት ሳያልፉ የፖሊስ አዛዡ ሮኒ አልሼክ፣ ፖሊስ ኢትዮጵያዊ ሲያይ ይበልጥ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ ነው የሚል ትርጉም ያለው ንግግር አደረጉ። በጁን 2019 ወጣቱ ሰለሞን ተካ ሐይፋ አቅራቢያ ከሥራ ሰዓት ውጭ የነበረ ፖሊስ በተኮሰው ጥይት ሞተ፤ አገሪቱ በመንገድ መዝጋትና በእሳት ተሞላች። ሪፖርቱ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ይህ ጉዳይ «አቤቱታው ከፖሊስ እጅ ይውጣ» የሚለውን ሐሳብ በሚገባ ይፈትነዋል። በእስራኤል የፖሊስ ጥፋት የሚመረምረው ማሐሽ የተባለው ክፍል ከ1992 ጀምሮ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው። በወረቀት ከፖሊስ ወጥቷል፤ መርማሪዎቹ ግን ለረጅም ጊዜ ከፖሊስ የመጡ ነበሩ፤ ብዙ አቤቱታም ያለ ክስ ይዘጋል። ተበዳዩ ካላመነበት የቢሮው አድራሻ መለወጡ ብቻ አይበቃም።

ይበልጥ ተጨባጭ የሆነው ለውጥ የመጣው በፍርድ ነው። ስሙን ከአማርኛ የወሰደው «ጠበቃ» የተሰኘው ድርጅት ከሌሎች ጋር ባቀረበው አቤቱታ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2021 ፖሊስ ያለ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሰው አስቁሞ መታወቂያ እንዲጠይቅ የሚፈቅደውን የአሠራር መመሪያ ሻረ። ምክረ ሐሳብ ያጣው ጉልበት ይህ ነው፤ እንዲቆም የተደረገው ወጣት «በየትኛው ጥርጣሬ?» ብሎ ሊጠይቅበት የሚችል ሕግ።

የተቃራኒ ሐሳቦች ክብደት

ተቋሙ ስለማይታረም ይፍረስ የሚሉ ሰዎች ክርክር ከባዶ የመነጨ አይደለም፤ ማሻሻያ ቃል ተገብቶ የታጠፈበት ጊዜ ብዙ ነው። በጁን 2020 ዘጠኝ የሚኒያፖሊስ ምክር ቤት አባላት ፖሊሱን ለማፍረስ ቃል ገቡ። በኖቬምበር 2021 ፖሊስ መምሪያውን በሌላ ተቋም የመተካት ሐሳብ ለሕዝብ ሲቀርብ ግን 56 በመቶው መራጭ አልተቀበለውም። ብዙ ጥቁሮች የሚኖሩባቸው የሰሜን ሚኒያፖሊስ ሠፈሮችም እንቢ ካሉት ውስጥ ነበሩ። ሌባና ተኳሽ ያለበት ሠፈር ነዋሪ የሚፈልገው ሲጠራው የሚመጣና ሲመጣ የማያዋርደው ፖሊስ ነው። ሁለቱን መነጣጠል የሚቻለው ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ ብቻ ይመስለኛል።

የኒው ጀርሲዋ ካምደን በ2013 መምሪያዋን በትና በአዲስ መሥርታለች። በ2012 የነበረው 67 የነፍስ ግድያ በ2019 ወደ 25 ወረደ። ይሁንና አዲሱ ፖሊስ ከቀድሞው የበዛ ሠራተኛ ነበረው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም በጥቃቅን ጥፋት ድሆችን በቅጣት ወረቀት አስመርሮ ነበር። የኃይል አጠቃቀም ደንቡን በጥብቅ የቀየረው በ2019 ነው። «ፈርሶ ተሻለ» ማለት ታሪኩን ያሳጥረዋል።

ከፖሊሶች ወገን የሚመጣው ስጋትም ሊደመጥ ይገባዋል። እያንዳንዱ ውሳኔው በኋላ እንደሚመነዘርበት የሚያስብ ፖሊስ አደጋ ካለበት ይርቃል፤ ሥራውንም ይለቃል። 900 ገደማ የነበረው የሚኒያፖሊስ ፖሊስ ቁጥር በጥቂት ዓመታት ከ600 በታች ወርዶ ነበር። የቀሩት በትርፍ ሰዓት ይደክማሉ፤ ደክሞት የሚሠራ ፖሊስ ደግሞ ለማንም አይበጅም። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ቁጥጥሩ ይነሣ የሚል ነው ብዬ አላምንም። በሰሜን አየርላንድ ፖሊሱ በታጣቂ እየታደነም ቁጥጥሩን ተሸክሟል፤ ያገኘው የሕዝብ ትብብርም ለራሱ ደኅንነት ጠቅሞታል።

በሚኒያፖሊስ የቀረው

የፌዴራሉ ስምምነት ቢነሣም ከተማዋ ያለ ተመልካች አልቀረችም። የሚኒሶታ ግዛት የሰብአዊ መብት መሥሪያ ቤት በ2023 ከከተማዋ ጋር የፈረመው፣ በግዛቱ ፍርድ ቤት የሚጸና ሌላ ስምምነት አለ፤ ነጻ ገምጋሚም ሥራ ጀምሯል። ከተማዋም ከፌዴራሉ ጋር የተስማማችበትን በገዛ ፈቃዷ እንደምትፈጽም አስታውቃለች።

ይህ ስምምነት በርካታ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች የሚኖሩባትን ከተማ በቀጥታ ይነካል። በሚቀጥሉት ዓመታት የሚወጡትን ሪፖርቶች ለሚከታተል ሰው ከተሰጠው ሥልጠና ሰዓት ይልቅ ሦስት ቁጥሮች ይበልጥ ይናገራሉ፤ አንድ አቤቱታ እልባት ለማግኘት ስንት ቀን ፈጀ፣ ከተዘጉት ስንቱ በቅጣት ተዘጋ፣ አቤቱታ የበዛበት ፖሊስ ስንት ጀማሪ እያሠለጠነ ነው።